አንድን የተቸገረ ቤተሰብ እንዴት እንርዳ? ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው

መርዳት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ችግሩ አብዛኞቻችን የምንረዳው አንጀታችን በተበላ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የታመመ ሕፃን ፎቶ ስልካችን ላይ እናያለን፣ ያለችንን እንልካለን፣ ቀለል ይለናል፣ ከዚያ እንረሳዋለን። የልጁ እናት ግን የሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው የሚጠብቃት። ኪራይ፣ ቀለብ፣ መድኃኒት።

ይህን የምጽፈው ለድርጅት አይደለም። የወር ደሞዙን ለሚጠብቅ፣ ግን ትንሽ ማካፈል ለሚችል ተራ ሰው ነው። የምለው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ቤተሰብ ያዙ፣ ትንሽ ትንሽ ስጡ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አታቋርጡ፣ በገንዘቡ ምን እንደሚደረግ ደግሞ እነሱ ይወስኑ። አስር ቤት አንዴ ከማዳረስ አንድ ቤት ዓመቱን ሙሉ መያዝ ይሻላል።

1. ልጁን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ያዙ

"እኔ የምረዳው ልጁን ነው፣ ወላጆቹ እንደፈለጉ ይሁኑ" የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ልጅ ጥፋት የለበትም። ግን ልጅ ብቻውን አይደኸይም። ለልጁ የገዛችሁት ጫማ እናቱ በታመመችበት ሳምንት ሊሸጥ ይችላል፤ ቢሸጥም አትፍረዱ፣ እናንተም በእነሱ ቦታ ብትሆኑ ትሸጡት ነበር።

የዓለም ባንክ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከፋ ድህነት የሚለው አንድ ሰው በቀን ከ3 ዶላር በታች ሲኖር ነው፤ ያውም በየአገሩ የኑሮ ውድነት ተስተካክሎ። እዚያች ውስጥ ኪራዩም፣ ምግቡም፣ ትራንስፖርቱም፣ ሕክምናውም አለ። ከዚህች ላይ የልጁን ድርሻ ብቻ ለይቶ መርዳት አይቻልም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ "ልጁን ማሳደጊያ እናስገባው" የሚለው ሐሳብ ነው። በቡካሬስት፣ ሮማኒያ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተካሄደ ታዋቂ ጥናት አለ። በማሳደጊያ የሚኖሩ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ፣ ሌሎቹ በነበሩበት ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመላመድም የተሻሉ ሆኑ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች አብዛኞቹ ደግሞ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ብዙዎቹን እዚያ ያስገባቸው ድህነት ነው። ማሳደጊያው ለአንድ ልጅ የሚያወጣው ገንዘብ እናትየው እጅ ቢገባ ልጁ ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

2. ማንን? ብዙ የሚጮኸውን ሳይሆን ዝም ያለውን

በጣም የተቸገረ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የሰው ፊት እሳት ነው፤ አንዴ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ገበናውን ይሸፍናል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቁ። አስተማሪ የትኛው ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ከክፍል እንደማይወጣ ያውቃል። የጤና ባለሙያ የትኛዋ እናት ቀጠሮዋን እንደምታሳልፍ ያውቃል። ባለሱቁ ደግሞ ማን ዱቤው እንደተከመረበት ያውቃል፤ እሱን ግን በዘዴ ጠይቁት፣ የሰው ምስጢር ነውና።

በእግራችሁ ልትደርሱበት የምትችሉት ቤት ቢሆን ይመረጣል። በሩቅ ያለ ሰው መርዳት ክልክል አይደለም፤ ግን እዚህ የምጽፈው ግማሹ ነገር በዓይን ማየትን ይጠይቃል።

3. ቤታቸው ከመሄዳችሁ በፊት ገንዘባችሁን ቁረጡ

ዓመት ሙሉ ብትሰጡት የማያናጋችሁን መጠን ወስኑ። ስሜት ውስጥ ሆናችሁ አትወስኑ። ብዙ ቃል ገብቶ ሦስተኛው ወር ላይ ስልክ ከመዝጋት ከመጀመሪያውም አለመሄድ ይሻላል። ሰዎቹ በእናንተ ተማምነው ልጅ ትምህርት ቤት ያስገቡ ይሆናል፣ ቤት ይቀይሩ ይሆናል፤ ድንገት ስታቋርጡ የሚወድቁት ከነበሩበት በታች ነው።

ደሞዝ በገባ ዕለት ለይታችሁ አስቀምጡ። የወሩ መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ገንዘብ የለም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ላይ ሩብ ያህሉን ለክፉ ቀን ያዙት፤ ልጅ ሌሊት ሲታመም የሚደወልላችሁ እናንተ ናችሁና። ብቻችሁን ካልቻላችሁ ከሁለት ሦስት ጓደኞች ጋር ተካፈሉ። ወደ ቤቱ የሚመላለሰው ግን አንድ ሰው ይሁን። አራት ሰው እየተፈራረቀ ሲመጣ ምርመራ ይመስላል።

4. የመጀመሪያው ቀን፦ ብዙ አድምጡ

ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ አትግቡ። ፎቶ አታንሱ። ከሚያውቁት ሰው ጋር ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ልጆቹ አውሩ።

"ምን ላድርግላችሁ?" ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ስትጠይቁ ሰውየው የእናንተን አቅም መገመት ይጀምራል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ "ያገኛችሁትን" ይላል። ጠባብ ጥያቄ ይሻላል። "ባለፈው ወር በጣም ያስጨነቀሽ ወጪ የቱ ነበር?" "ከቤተሰቡ ሥራ ያለው ማን ነው? በሳምንት ስንት ቀን ያገኛል?" "ለማን ነው ዕዳ ያለባችሁ?" "ልጆቹ መጨረሻ የታመሙት መቼ ነው? ምን አደረጋችሁ?"

መልሱ ብዙ ጊዜ ካሰባችሁት ይለያል። እናንተ ምግብ ነው የጎደላቸው ብላችሁ ሄዳችኋል። እሷ ግን "ምግቡንስ እንደምንም እላለሁ፣ የሚያንገበግበኝ የልብስ ስፌት ማሽኑ ነው፤ መርፌ አመላላሹ ተሰብሮ ከቆመ ቆየ" ትላችኋለች። ማሽኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ለጥገና የምትከፍሉት እናንተ ለአንድ ወር አስቤዛ ካሰባችሁት ያነሰ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው ተጠይቆ ብቻ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን አንቱ በሉ። የተቸገረ ሰው ሁሉ አንተ እና አንቺ የሚባል የሚመስለው ሰው አለ፤ በጣም ያስቀይማል። አባወራው ካለ ደግሞ እሱን ዘላችሁ ከሚስቱ ጋር ብቻ አታውሩ። ገንዘቡ እሷ እጅ እንዲገባ ብትፈልጉም (ብዙ ጊዜ ለልጆች የሚበጀው እሱ ነው) ነገሩን ሁለቱ ባሉበት ጨርሱት። አለበለዚያ እርዳታችሁ ጠብ ይዞ ይገባል።

5. ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ

ይህን ክፍል እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። ልጅ ከተፀነሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1000 ቀናት ናቸው አካሉንም አእምሮውንም የሚሠሩት። እዚያ ላይ የቀነጨረ ልጅ በኋላ ብዙ ቢበላም ያጣውን ሁሉ አይመልስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ። ክትባቱ ተሟልቷል? ክብደቱ ይመዘናል? የጤና ባለሙያዎች የልጅ ክንድ የሚለኩበት ባለቀለም ጥብጣብ አላቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ፣ የላይኛው ክንዱ መሃል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው፤ እሱም መታየት አለበት። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡና በአውራ ጣታችሁ ጫን ስትሉት ጉድጓዱ እዚያው ከቀረ ጥብጣብ አያስፈልግም፣ ይዛችሁት ሩጡ። ያበጠ ልጅ "ወፈረልን" ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። እንደዚህ የተጎዳን ልጅ ቤት ውስጥ ምግብ በማጨቅ ለማዳን አትሞክሩ፤ የሚሰጠው ምግብም መጠኑም በሐኪም ነው የሚወሰነው።

ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው የእናት ጡት ብቻ ነው። ውሃም አይጨመርም። እዚህ ላይ የዱቄት ወተት ገዝቶ መውሰድ ደግነት ይመስላል፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ቤት ግን ጡጦው ራሱ ተቅማጥ ይዞ ይመጣል፣ የእናትየውም ወተት ይቀንሳል። ለሕፃኑ መርዳት ከፈለጋችሁ እናትየው በደንብ ትብላ።

ተቅማጥ ሲይዘው ልጁን የሚገድለው የፈሳሹ ማለቅ ነው። ቤታቸው ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ የጠፋውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) እንዲኖር አድርጉ። ድንገት ከጠፋ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ልሙጥ ማለት ያልተቆለለ፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። ዚንክ የሚባለው ክኒንም ከጤና ጣቢያ ይሰጣል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ተቅማጡ ቆመ ብለው እንዳያቋርጡ ንገሯቸው። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት መቀመጥ የለም።

6. ቀዳዳውን ፈልጉ

ከላይ እየጨመራችሁ ከታች የሚፈስ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ዕዳ ነው፤ በተለይ አራጣ። ወለዱን ብቻ ሲከፍሉ ዓመት የሞላቸው፣ ከዋናው ግን ምንም ያልተነካላቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ካጋጠማችሁ የጥቂት ወር እርዳታችሁን ባንድ ላይ ሰብስባችሁ ዋናውን መክፈል ከሁሉም የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። ለአበዳሪው ስትከፍሉ ምስክር ይኑር፣ ተከፍሏል የሚል ወረቀት ይፈረም።

ሌላው ቀዳዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የመሳሰለው ነው። መንግሥት ለድሃ ያዘጋጀው ነጻ ሕክምና ወይም ድጎማ ኖሮ፣ አንድ ወረቀት ጎድሎ የሚቀርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ቢሮ ለቢሮ አብሮ መመላለስ ገንዘብ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፣ እውነቴን ነው።

7. ጥሬ ገንዘብ ወይስ ዕቃ?

ገንዘብ። "ይጠጡበታል" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ገንዘብ የተሰጣቸው ድሆች ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡት በጥቅሉ አልጨመረም። ሜክሲኮ በ1997፣ ብራዚል በ2003 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹን የድሆች መርጃ ፕሮግራሞቻቸውን ሲጀምሩም የሰጡት ጥሬ ገንዘብ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች እጅ፣ ልጆች እንዲማሩና ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እየጠየቁ።

ዕቃ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ገበያ ላይ ዕቃው ሲጠፋ፣ ቤት ውስጥ ገንዘቡን እየቀማ የሚጠጣ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ ስታዩ፣ ወይም ራሷ "ገንዘቡን ከምትሰጠኝ ዕቃውን ግዛልኝ፣ እኔ እጅ አይበረክትም" ስትል። ያረጀ ልብስ ግን ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስቡ። ለራሳችሁ ልጅ የማታለብሱትን ለሰው ልጅ አትስጡ።

ቀን ቁረጡ፦ በየወሩ በአንድ ቀን፣ ያው መጠን። ሲታወቅ ነው የሚታቀድበት።

8. ትምህርት ቤቱ ነጻ ቢሆንም ነጻ አይደለም

ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ቦርሳ፣ ጫማ፣ ለደረሱ ልጃገረዶች የንጽሕና መጠበቂያ። ልጅቷ በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀርበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ለእናትየው ወይም ለሴት አስተማሪዋ ተዉት እንጂ ወንዶች እናንተ አትጠይቁ።

ልጁ እየሠራ ከሆነ መጀመሪያ ለቤቱ ምን ያህል እንደሚያስገባ እወቁ። "ሥራ አቁም፣ ተማር" ማለት ቀላል ነው፤ ያቺን ገንዘብ ማን ይተካታል? ከተቻለ እናንተ ተኩት፣ ካልተቻለ ሰዓቱ የሚቀንስበትን መንገድ ከወላጆቹ ጋር ፈልጉ።

ጨዋታን አትናቁ። ጃማይካ ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሠራተኞች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀንጭረው ወደነበሩ ሕፃናት ቤት እየሄዱ፣ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ ያሳዩ ነበር። መጫወቻው እቤት ካለ ነገር የተሠራ ነው። ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ የእነዚያ ልጆች ገቢ ይህን ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ገንዘቡን አስረክባችሁ በሩ ላይ አትመለሱ። ቁጭ በሉ፣ ከትንሹ ጋር የጠርሙስ ክዳን ቁጠሩ፣ ለትልቋ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።

9. ገቢ የሚያስገኝ ነገር፦ በተራው

ሁሉም ሰው ወደዚህ መዝለል ይወዳል። "ሥራ እንፍጠርላቸው!" ጥሩ። ግን የተራበ ሰው የሰጣችሁትን መነሻ ይበላዋል፣ ምን ያድርግ?

ባንግላዲሽ ውስጥ ብራክ የሚባለው ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. በጣም ለደኸዩ ሰዎች የጀመረው ዘዴ ይህን በደንብ ያሳያል። ከብት ወይም የንግድ ዕቃ ይሰጣል፤ ከሱ ጋር ለጊዜው የሚበላ ነገር፣ ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ የጤና ድጋፍ፣ በየጊዜው እቤት እየመጣ የሚያይ ሰው። ይኸው ዘዴ በስድስት አገሮች ተሞክሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታተመ፤ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ የተሻለ ይበሉ፣ የተሻለ ይኖሩ ነበር። ከስድስቱ አንዷ በሆነችው ሆንዱራስ ላይ ግን የታደሉት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ዕዳ ይቃለል፣ ልጆች ይዳኑ። ከዚያ ሰውየው ቀድሞ የሚያውቀውን ሥራ አስፉለት። አዲስ ሥራ ከአዲስ ዕውቀት ጋር ማሸከም አደጋው ይበዛል። ሁሉንም ነገር ባንድ ዕቃ ላይ አታፍስሱ፣ ግማሹን ያዙት። ብድር ከሆነ ብድር፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ፤ "ስትችል ትመልሳለህ" የሚባለው ነገር ወዳጅነት ያበላሻል።

10. የማይደረጉ ነገሮች

ልጅ እርዳታ ሲቀበል ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ የለም። ያ ልጅ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ወላጆቹ "እሺ" ቢሏችሁም እሺታው የቸገረው ሰው እሺታ ነው። ልጁን ብቻውን ይዛችሁ አትውጡ፣ እቤታችሁም አትውሰዱት፤ ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። "ውጭ እልክሃለሁ" እያላችሁ ልቡን አታንጠልጥሉ። ሃይማኖታቸውንና ምርጫቸውን ከገንዘቡ ጋር አታያይዙ። ከዓመት በፊት የሰጣችሁትንም አታንሱባቸው።

11. ሲዋሿችሁ፣ ሲደብቋችሁ

ይከሰታል። ልጅ ታመመ ተብሎ የወሰዱት ገንዘብ ለኪራይ ይውላል። ከመናደዳችሁ በፊት ጠይቁ፦ "ኪራይ ነው ብትይኝስ ምን እል ነበር?" ብዙ ጊዜ ሰው የሚዋሸው እውነተኛው ችግር እንደ "ተገቢ" ችግር አይቆጠርልኝም ብሎ ነው። ቤት ውስጥ ድብደባ ወይም በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ካያችሁ ግን ነገሩ የእርዳታ አይደለም፤ ለሚመለከተው የሕግና የማኅበራዊ ጉዳይ አካል አሳውቁ፣ ብቻችሁን ልትዳኙት አትሞክሩ።

12. ማቆም

መጨረሻውን ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ንገሯቸው። ባንዴ ከመቁረጥ በየወሩ እየቀነሱ መሄድ ይሻላል። በዚያ ጊዜ የጎደሉ ወረቀቶች ይሟሉ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ችግር ሲመጣ ማን ጋ እንደሚሄዱ ይወቁ። ካቆማችሁም በኋላ ስልካቸውን አንሱ። ገንዘብ ሊጠይቁኝ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ "አሁን የለኝም" ማለት ይቻላል። ሌላ ቤተሰብ ልትይዙ ስታስቡ ደግሞ መጀመሪያ እነሱን አማክሩ። በአካባቢው ማን በሩን ዘግቶ እየተራበ እንደሆነ ከአስተማሪውም ከባለሱቁም ቀድመው ሊነግሯችሁ ይችላሉ።